ነብር፣ ፍየልና አንድ ጀሪካን ስዋ

በሂሳብ ተረት ውስጥ ያሉ ሰዎች ዘመድ የላቸውም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ አንዱ ሰውዬ ነብር፣ ፍየልና ጎመን ይዞ ወንዝ ዳር ይቆማል፤ ታንኳዋ ከእሱ ሌላ አንድ ብቻ ትችላለች፤ ነብሩን ከፍየሏ ጋር ቢተው ይበላታል፣ ፍየሏን ከጎመኑ ጋር ቢተው ትጨርሰዋለች። «ምን ያድርግ?» ይሏችኋል። ጎረቤት ይጥራ! ደግሞስ ነብር የሚያሳድግ ሰው ምን ሂሳብ ይገባዋል?

ይህን ለመምህሩ ነግሬዋለሁ። መምህሩ፣ ባንዲራው አንድ ብቻ በቀረበት፣ ትምህርቱም ሁሉ አማርኛ በሆነበት ዘመን ከሸዋ መጥቶ ዓኽርያ ሰፈር ካለው ቤቴ አንዲት ክፍል የተከራየ የሂሳብ አስተማሪ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ቤት ነው፤ አማርኛዬን ግን ከተከራይ ጋር ስጨቃጨቅ አቀናሁት፣ ማንም አይንቀኝ። ልጅ እግሩ መምህር ሳቀና፣ በትግርኛ እናቴ ለማለት፣ «አደይ ምሕረት፣ ዘዴው ቀላል ነው። ፍየሏን አስቀድሞ ያሻግራል፤ ነብሩን ሲያመጣ ፍየሏን ይዞ ይመለሳል፤ ከዚያ ጎመኑን፣ በመጨረሻም ፍየሏን ያሻግራል» አለኝ።

ዘዴው የሚያስፈልገኝ ቀን መጣ። ታናሽ ወንድሜ ተስፋይና ሚስቱ ለተብርሃን፣ ገዛ ባንዳ ሰፈር ባለው ቤታቸው እሷ ከውስጠኛው፣ እሱ ከውጭኛው ክፍል ሆነው እንደተኳረፉ ክረምቱ አለፈ። እሑድ በእኔ ቤት ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው፤ ካልታረቁ ትዳሩ አበቃ። ለሽማግሌዎቹ የሚሆነውን ስዋ፣ እናንተ ጠላ የምትሉትን፣ ለተብርሃን ጠምቃ በጀሪካን አስቀምጣለች፤ አፏ ቢያኮርፍ እጇ አያኮርፍም። እንግዲህ እሷን ከእሱ ጋር ብትተዋት ትበላዋለች፤ እሱን ከስዋው ጋር ብትተወው ይጨርሰዋል። በአውቶቡስ እንዳልል፣ ገበናን ለፌርማታ ሰው ማስጣት ነው። መምህሩ ቬስፓ አለው። ቬስፓ ደግሞ ከነጂው ሌላ አንድ ሰው ትችላለች።

«ይኸው ታንኳዋ!» አለ ልጁ፣ ዓይኑ በርቶ።

እኔ ሽማግሌዎቹን ልሰበስብ ወጣሁ። የሆነውን ኋላ ለተብርሃን እየሳቀች ነገረችኝ። መምህሩ አስቀድሞ ተስፋይን አምጥቶ ደጃፌ ላይ አወረደው፤ ከዚያ እሷን አመጣ። አሁን «ፍየሉ» ወደ ገዛ ባንዳ መመለስ አለበት። ልጁ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ በጣቱ ወደ ኋለኛው ወንበር አመለከተ። ለትልቅ ሰው «ይመለሱ» ማለት ሲገባው፣ ትግርኛ መናገሩ ነውና፣ «ተስፋይ፣ ተመለስ!» አለው።

ከኋለኛው ወንበር ለተብርሃን ገና አልወረደችም።

ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፤ ጉዱም እዚሁ ላይ ነው። መምህሩ «ከእኔ ጋር ና» ማለቱ ነበር፤ ወንድሜ «ወደ ሚስትህ ተመለስ» ብሎ ሰማ። ክረምቱን ሙሉ ይህን የሚለው ሰው አጥቶ ነበርና ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ።

«ተመልሻለሁ» አላት።

«መምህሩ ስላዘዘህ ነው?»

«እወ። እኔማ አፍሬ ነበር።»

«በል ደግፈኝ፣ እግሬ ደንዝዟል። ይህ ልጅ ሲነዳ ነፍስ ያስጥላል» አለችና እጇን ሰጠችው።

ሽማግሌዎቹን አስከትዬ ስደርስ ባልና ሚስት በአንድ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። የሚታረቅ የለም። አንዱ ሽማግሌ፣ ያለ ሽማግሌ መታረቅ ነውር ነው ብሎ ተቆጣ። መምህሩ ግን ቬስፓውን ይዞ፣ ፊቱ ጠቁሮ እንደቆመ ነው።

«አደይ ምሕረት፣ አቶ ተስፋይ ካልተመለሱ እኮ ሂሳቡ ይበላሻል!»

«ተወው ልጄ» አልኩት፤ «የተበላሸውን እኛ እንኖርበታለን።»