ታና ወንዝ ውስጥ የቀረው አንቱታ

ወንዝን በተመለከተ የእኛ ሰው አቋም ግልጽ ነው፤ ወንዝ የሚሻገሩት ነገር ነው። ከወዲህ ማዶ ገብተው በወዲያ ማዶ ይወጣሉ፣ ልብሳቸውን ይጨምቃሉ፣ ፈጣሪያቸውን ያመሰግኑና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ደካማ ሰበብ ስናጣጥል እንኳ «ወንዝ አያሻግርም» ነው የምንለው። ከወንዙ ጋር አብሮ ቁልቁል ስለመውረድ የተናገረ አባት ግን አልሰማሁም። እንዲያውም ውሃን «እያሳሳቀ ይወስዳል» ብለው አስጠንቅቀውናል። እና እናንተዬ፣ እኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄልሜት አጥልቄ፣ በአየር የተነፋ የጎማ ጀልባ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ እያሳሳቀ እስኪወስደኝ እጠባበቅ ነበር። በገዛ ፈቃዴ።

ነገሩ የሰርግ ጣጣ ነው።

እኔ ናይሮቢ መሃል ከተማ የስልክ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ታላቅ እህቴ እትዬ ጽጌ ኪሌሌሽዋ ትኖራለች። እዚሁ ያሳደገቻት ልጇ ሜሮን፣ ናሆም የሚባል እንደ እሷ እዚሁ ያደገ ልጅ ወደደች። የናሆም እናት ወይዘሮ ዘነበች ኪሊማኒ ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው። ሽማግሌ ተላከ፣ ልጅቷም ተፈቀደች። እዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ከዚያ ወይዘሮ ዘነበች ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «ሰርጉ እንግዲህ አዲስ አበባ ነው፤ ዘመዱ ሁሉ ያለው እዚያ ነው» አሉ።

«ልጄ ያደገችው እዚህ ጉባኤ ውስጥ ነው፤ የምትዳረውም እዚሁ ቤተ ክርስቲያኗ ነው» አለች እህቴ።

«አገር እንደሌለን ሰው?»

«አገርዎን ማን ነካብዎ?»

በቃ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሁለቱ ሴቶች በቀጥታ ቃል አልተለዋወጡም። ሲፈልጉ በእኔ በኩል ነው። አንዷ ጋ «ለእህትህ ንገርልኝ»፣ ሌላዋ ጋ «ለሴትዮዋ ንገራቸው» እየተባልኩ፣ ማታቱ በሚሉት በዚያ ሙዚቃው ጆሮ በሚበጥስ ሚኒባስ በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ስመላለስ ባጀሁ። ቁጣ ይዤ ስሄድ ደግሞ መንገድ ላይ አለዝበዋለሁ። አስታራቂ ማለት እኮ ግማሽ ውሸታም ነው፤ እናንተም ሞክራችሁት ታውቃላችሁ። ሙሽሮቹ ምን እንደሚፈልጉ ግን የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ቀን ሜሮን ሱቄ መጣችና «አንክል፣ ሁለቱን እናቶች ታና እንውሰዳቸው፤ አንድ ጀልባ ላይ ምናልባት ይታረቃሉ» አለችኝ።

ታና ስላችሁ ባሕር ዳር እንዳይመጣባችሁ። ኬንያም የራሷ ታና አላት፤ ሐይቅ ሳይሆን ወንዝ ነው። ሳጋና ከምትባል ከተማ አጠገብ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ፣ አረፋ እየደፈቀ ይወርዳል። ወጣቶች በጎማ ጀልባ እየጮኹ ይንሸራተቱበታል። እናቶቹ «ታና ላይ በጀልባ» ሲባሉ የታያቸው ግን ሌላ ነው፤ ጸጥ ያለ ውሃ፣ ቀስ የምትል ጀልባ፣ ጥቂት ፎቶ። አንዷ ሌላዋ እንደምትመጣ ስትሰማ ደግሞ የምቀረው እኔ ነኝ ወይ አለች። እህቴ ጃንጥላ፣ ወይዘሮ ዘነበች ነጭ ጫማ ይዘው መጡ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ እህቴ አረፋውን አየች፣ እኔን አየች። «ይሄ ነው ታና?»

ልትመለስ ነበር። ነገር ግን ወይዘሮ ዘነበች ከሻሻቸው በላይ ሄልሜት ማጥለቅ መጀመራቸውን ስታይ፣ ጃንጥላውን ለእኔ ሰጥታ የራሷን አነሳች።

ጀልባውን የሚመራው ካማው የሚባል፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። የመንሳፈፊያ ሰደርያችንን እየጠበቀ ካሰረልን በኋላ እንደየክብደታችን አስቀመጠን። «ሁለቱ ማማዎች እኩል ናቸው፤ ፊት፣ ጎን ለጎን» አለ። ከኋላቸው ከናሆምና ከእኔ ጋር የተቀመጠችው ሜሮን ተረጎመች። እህቴ ወይዘሮ ዘነበችን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፤ እሳቸውም አዩዋት። ከሽምግልናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ሰውየው ክብደት አያውቅም።

ካማው ሁለት ነገር አስተማረን። አንደኛው፣ እኩል ካልቀዘፍን ጀልባው ይሾራል። ሁለተኛው፣ ሰው ውሃ ከገባ ሰደርያውን ትከሻው ላይ ጨብጦ፣ ወደ ኋላ እየወደቁ መጎተት ነው።

አንደኛውን ትምህርት የሰማ አልነበረም። የመጀመሪያው አረፋ ላይ እህቴ ወደ ፊት፣ ወይዘሮ ዘነበች ወደ ኋላ ቀዘፉና እንደ እንዝርት ሾርን። ቁልቁለቱን በጀርባችን ወረድነው። «ንገራቸው፣ ይቅዘፉ» አለች እህቴ፣ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ። «ንገራት፣ ቀዝፌያለሁ» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። አፌ ውሃ ሞልቶት ስለነበር ለማንም አልነገርኩም።

ሁለተኛው አረፋ የባሰ ነበር። ጀልባው አፍንጫውን ቀና አደረገ፣ ወዲያው ተደፋ፣ እህቴ ከቦታዋ የለችም። ሜሮን «ማሚ» ብላ ጮኸች። ከዚያ አንድ ሰማያዊ ሄልሜት ከአረፋው ውስጥ ብቅ አለና፣ ሽማግሌ ያልፈታውን ነገር በሁለት ቃል ፈታው።

«ዘነቡ፣ ያዢኝ።»

እንግዲህ ልብ በሉ። እርስዎ የለ፣ ወይዘሮ የለ። አፋፍ ላይ የቆመ ሰው አንቱ ይላል፤ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ጊዜ የለውም።

«ይዤሻለሁ። አትንፈራገጪ፣ ጽግዬ።»

ወይዘሮ ዘነበች መቅዘፊያውን ጥለው፣ በሁለት እጃቸው የሰደርያውን ትከሻ ጨብጠው፣ ልክ እንደተማሩት ወደ ኋላ ወደቁ። እህቴም እንደተጠመደ ዓሣ መጥታ እላያቸው ላይ ተዘረጋች። ሁለቱም እንደተዘረጉ ቀሩ። ሞቱ እንዴ ብዬ ጠጋ ስል ለካስ እየሳቁ ኖሯል። ድምፅ እስኪያጡ፣ እንባቸው ከወንዙ ውሃ ጋር እስኪቀላቀል፣ የጀልባው ወለል ላይ ተቃቅፈው ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ ቀሪውን ወንዝ እየተጠራሩ፣ «በይ አሁን፣ በይ አሁን» እየተባባሉ ወረዱት። ካማው መሪነቱን የተቀማ ይመስል ነበር። ከውሃው ስንወጣ «እንደገና» ያለችው እህቴ ናት፤ ጀልባውን ለመሸከም የቀደሙት ወይዘሮ ዘነበች።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሁለቱ ኋላ ወንበር ላይ በአንድ ፎጣ ተጠቅልለው ሲያወጉ፣ እኔ ከፊት ተቀምጬ ኩራቴን አልቻልኩትም።

ማክሰኞ ሜሮን ደወለች። ድምፅዋ የሙሽራ አልነበረም።

«አንክል፣ ተስማምተዋል። ሰርጉ ናይሮቢ፣ መልሱ አዲስ አበባ። ዘመድ የሚባል አይቀርም አሉ፤ የሞምባሳዎቹም፣ የሞያሌዎቹም። እኔና ናሆም እኮ ትንሽ ሰርግ ነበር የፈለግነው። በፊት ሲጣሉ ቢያንስ ምንም አይወሰንም ነበር። ፕሊዝ፣ ትንሽ አጣላቸው። ኪዶጎ ብቻ።»

ኪዶጎ በስዋሂሊ ጥቂት ማለት ነው። ሰው ሲያስታርቅ የኖረ አፍ ጥቂት ማጣላት አያቅተውም ብዬ እህቴ ጋ ደወልኩ። «እትዬ፣ ልጆቹ እኮ…» ከማለቴ፣ «ቆይ፣ ዘነቡ እዚሁ ናት» ብላ ስልኩን አቀበለቻቸው።

«አንተ፣ የሰርጉን ነገር ለእኛ ተወው» አሉኝ ወይዘሮ ዘነበች። «ይልቅ ቅዳሜ ሥራ አለህ? ሳጋና ልንሄድ ነው፤ ከኋላ የሚቀዝፍ ሰው ጎድሎናል።»

«የለኝም» አልኩ። ምን ልበል? ለሜሮን ምን ብዬ እንደምመልስላት እስካሁን አላወቅሁም። ለእኔ ልክ የሚሆን ሄልሜት ግን ካማው እንዲያስቀምጥ ተነግሮታል።