ሳትታይ ያረገችው የጨረቃ ካህኒት

በወላይታ ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ስሙን ብንጠራው ትሕትናው የሚጎዳበት አንድ ጽሕፈት ቤት አለ። ይህ ጽሕፈት ቤት ባህል ያሳድጋል፣ ቱሪስት ይጠራል፣ ስብሰባ ያካሂዳል። ከሦስቱ የመጨረሻውን አሟልቶ ይሠራል። ባለፈው ዓመት ግን ከስብሰባ በተረፈው ጊዜ ቲያትር ለማዘጋጀት ወሰነ። ይህን የመሰለ ሥራ ሳይነገር መቅረት ስለሌለበት እነሆ እንናገራለን።

ታሪኩ በሌለ አገር እንዲሆን ሐሳብ ያቀረቡት ኃላፊው አቶ ታምራት ናቸው።

“ስለ ጥንቱ ብንሠራ የጥንቱ ወገን ይቆጣል፤ ስለ ዛሬው ብንሠራ የዛሬው” አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። “ቅሬታ የማያቀርብ አገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሌለው አገር።”

ተጨበጨበ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ብዙ ጨረቃዎች የሚወጡባት አገር ተፈጠረች፣ ድርቅ ተመደበላት፣ ሕዝቡን የምታድን የጨረቃ ካህኒት ተሾመችላት። ካህኒቷ በመጨረሻው ትዕይንት ለጨረቃዎቹ ትጸልያለች፤ ስትጸልይም በአየር ላይ ከፍ ትላለች፤ ከዚያ ዝናብ ይዘንባል። የዝናቡ ድምፅ ከመጋረጃ ጀርባ በቆርቆሮ ላይ በሚፈስ በቆሎ እንዲወከል በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ለካህኒትነት የታጨችው የመዝገብ ቤቷ የትምወርቅ ነበረች። የትምወርቅ ከልቧ የምትወዳቸው ነገሮች ሁለት ናቸው፤ እግዚአብሔርና መድረክ። ሁለቱ በልቧ ውስጥ እንደ ጥሩ ጎረቤታሞች ተስማምተው ይኖራሉ። በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኗ መዘምራንን ትመራለች። ስትዘምር የሚወርደው እንባዋ እውነተኛ ነው፤ በየትኛው ጉንጯ ቢወርድ ለሚቀርጻት ካሜራ እንደሚታይም ታውቃለች። አንድ ጊዜ ይህን ያነሳባት ሰው ነበር። “እግዚአብሔር ያየኛል ብዬ ነው የምዘምረው” አለችው። “ሰው ቢያየኝም አልጠላም።”

በገመድ ከፍ የማለቱ ነገር የእሷው ሐሳብ ነበር። ዘውዱም እንዲሁ። ከባጃጅ ጠጋኝ የለመነችውን የፍሬቻ መብራት ልብስ ሰፊዋ ንግሥቲ በዘውዱ ግንባር ላይ ሰፋችላት፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ካህኒቷ ወደ ቀኝ ልትታጠፍ ያሰበች ትመስላለች። ካባዋ ግን ከወላይታ ባህላዊ ሽመና፣ ከዱንጉዛ የተሰፋ፣ ቀዩና ቢጫው የሚያምር፣ ለማንኛዋም ጨረቃ የሚገባ ነበር።

ወሬው የቤተ ክርስቲያኗን ሽማግሌ ጋሽ ኢሳይያስን ቢሮ ድረስ አመጣቸው።

“ልጄ፣ ለጨረቃ ትጸልያለሽ አሉ።”

“ካህኒቷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ።”

“አፉ የማን ነው?”

የትምወርቅ አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

“ለጨረቃ ብትጸልዪ ከመዘምራን ትወርጃለሽ። ሰው ነገረኝ ብዬ አልፈርድብሽም። መጥቼ በዓይኔ አያለሁ።”

ከመዘምራን መውረድ ለሌላ ሰው ሁለት ወንበር ወደ ኋላ መቀመጥ ሊሆን ይችላል። የትምወርቅ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ እሑድን የምታውቀው ከመዘምራኑ መድረክ ከፍታ ላይ ሆና ነው። ሮጣ አቶ ታምራት ዘንድ ገባች።

“ካህኒቷን እጫወታለሁ። ጸሎቱን ግን ለራሴ አምላክ ነው የምጸልየው።”

“ጨረቃዎቹስ የትሜ? በጀት ወጥቶባቸዋል እኮ!”

“ይስሙ። መስማት አልከለከልኳቸውም።”

ጉዳዩ ኮሚቴ ዘንድ ቀረበ። ኮሚቴውም የሁሉንም ወገን ስሜት በጠበቀ መልኩ “ጸሎቱ አድራሻ ሳይጠቀስበት እንዲቀርብ” ሲል ወሰነ። እንዲህ ያለው ጥበብ በየቦታው አይገኝም።

የቲያትሩ ቀን አዳራሹ ሞላ። ከፊት ወንበር የክብር እንግዶቹና አቶ ታምራት፣ ከእነሱ ቀጥሎ ጋሽ ኢሳይያስ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። የገመዱ ኃላፊነት ለዘበኛው ለኤርካሎ ተሰጥቷል፤ በትውልድ ቦታው በጉኑኖ ከጉድጓድ ውሃ ሲስብ ያደገ፣ ክንዱ የሚታመን፣ እምነቱም ከክንዱ የማያንስ ሰው ነው። ንግሥቲ መርፌና ክሯን ይዛ መጋረጃው ጥግ ቆማለች።

ድርቁ ጠና። ሕዝቡ አለቀሰ። ካህኒቷ ዘውዷን ብልጭ ድርግም እያደረገች ወጣች፤ ተንበረከከች፤ ጉንጯን ወደ ካሜራው አዘነበለች። ከዚያ አድራሻ የሌለውን ጸሎት ልትጀምር አፏን ስትከፍት፣ ከልቧ የወጣው በቤቷ ቋንቋ ሆነ።

“ጦሳው!” አለች፤ አምላክ ሆይ ማለቷ ነው።

ኮሚቴው ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። በዚህ ከተማ ሰው ከልቡ መጸለይ ሲጀምር የምናደርገው አንድ ነው። ኮፍያ ወለቀ። ራስ ተደፋ። አዳራሹ በሙሉ፣ ከእንግዶቹ እስከ ካሜራው ባለቤት፣ ዓይኑን ጨፈነ። “በዓይኔ አያለሁ” ያሉት ጋሽ ኢሳይያስ ከሁሉ አጥብቀው ጨፈኑ።

ኤርካሎ ግዴታውን አልዘነጋም። ካህኒቷን እስከ ጣሪያው ብረት ድረስ ሳባት። ከዚያ ግን ጸሎት ነውና ገመዱን ከምሰሶው ጋር አስሮ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ እሱም ጨፈነ።

እንደዚህ ያለ ዕርገት በሶዶ ታይቶ አይታወቅም፤ ያን ቀንም አልታየም። የትምወርቅ በዱንጉዛዋ እንደ ንስር ተንሳፈፈች። ወደ ታች ብታይ የሚያያት የለም፤ ያለው የተደፋ አናት ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ገመዱ የታሰረበት ቀበቶዋ ተንሸራተተና ራሷ ወደ ታች፣ እግሯ ወደ ጣሪያው ሆነ። “አሜን” ብትል ሰው ሁሉ ዓይኑን ይገልጣል፤ ጋሽ ኢሳይያስም የመዘምራኑን መሪ ተዘቅዝቃ፣ በግንባሯ ፍሬቻ እያበራች ያዩዋታል። “አሜን” ባትል እዚያው ትቀራለች። ስለዚህ ጸለየች።

“አምላክ ሆይ፣ ከፍ ከፍ አድርገኸኛል!”

“አሜን!” አለ አዳራሹ።

“ይበቃኛል፤ ከፍታን ስወድ ስለኖርኩ ይቅር በለኝ! ባሪያህን ዝቅ አድርጋት!”

“አሜን!”

“ኤርካሎን አስበው! ዓይኑን ክፈትለት!”

“አሜን!” አለ ኤርካሎ ከሁሉም አብልጦ። እንባው በጉንጩ ወረደ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስሙ ተጠርቶ ተጸልዮለት አያውቅም ነበርና።

ንግሥቲ ብቻ ዓይኗ ክፍት ነበር። ኦርቶዶክስ ናት፤ ስትጸልይ ሥዕሉን እያየች ነው የለመደችው። እያማተበች ወደ ኤርካሎ ሄደችና በመርፌ ወጋችው።

“ልጅቷን አውርዳት አንተ ሰው! ቆይተህ ትጸልያለህ!”

ካህኒቷ ወረደች፤ ቀና አለች፤ ዘውዷን አስተካከለችና “አሜን” አለች። ሕዝቡ ዓይኑን ሲገልጥ የትምወርቅ በነበረችበት ቦታ ተንበርክካ አገኛት። በቆሎው ፈሰሰ። ጭብጨባው ቆርቆሮውን አስናቀ።

ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ነገር ግን ለገመድ በጀት የወጣበት ዕርገት አልታየም አይባልም። አቶ ታምራት በጽሕፈት ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ “ካህኒቷ በታዳሚው አድናቆት ታጅባ በአየር ላይ ስትንሳፈፍ ታይታለች” ብለው ለጠፉ። በሳምንቱ የትምወርቅ ጋሽ ኢሳይያስ ቤት በረንዳ ላይ በሽማግሌዎች ፊት ተቀመጠች። አቶ ታምራትም በምስክርነት ተጠርተዋል፤ ንግሥቲንም የትምወርቅ ይዛት መጥታለች።

“ለጨረቃ አልጸለይሽም፤ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ” አሉ ጋሽ ኢሳይያስ። “ግን በጸሎት መካከል ለታይታ በአየር ላይ ወጥተሻል ይባላል።”

“ማን አየኝ፣ ጋሼ?”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አየሁ የሚል ሰው በጸሎት ሰዓት ዓይኑ የት ነበር ሊባል ነው። ሁሉም ወደ አቶ ታምራት ዞሩ።

“ታምራት፣ አንተ አይተሃል?”

“እኔ እንኳ... ጨፍኜ ነበር።”

“ታዲያ ታይታለች ብለህ እንዴት ጻፍክ?”

አቶ ታምራት መነጽራቸውን አወለቁ። “በእምነት ነው” አሉ።

“እኔ አይቻለሁ” አለች ንግሥቲ። “ወጥታለች። የወጣችው ለታይታም ነው፤ ዘውዱን ራሴ ሰፍቼላት የለም እንዴ! ግን እዚያ ላይ ሆና እንደጸለየችው ያለ ከልብ የሆነ ጸሎት እኔ ሰምቼ አላውቅም።”

ጋሽ ኢሳይያስ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተማከሩ። በመጨረሻም የትምወርቅ በመዘምራን መሪነቷ እንድትቀጥል፣ ከመሬት ሳትለይ ግን እንድታገለግል ተወሰነ።

“በይ፣ አንቺው በጸሎት ዝጊልን” አሏት።

የትምወርቅ ተነሳች። ከልቧ ልታመሰግን እጆቿን ዘረጋች። “ጦሳው” አለች። ራሶች ሁሉ ተደፉ።

ቀጥሎ የሆነውን የምናውቀው ዓይኗን ገልጣ ከምትጸልየው ከንግሥቲ ነው። ሽማግሌዎቹ በሙሉ፣ ጋሽ ኢሳይያስም ጭምር፣ እንደተደፉ አንዳንድ ዓይናቸውን በጠባቡ ከፍተው የትምወርቅን እግር ይመለከቱ ነበር። የትምወርቅም ይህን አየች። ጸሎቷን አላቋረጠችም፤ እንባዋም እውነተኛ ነበር። ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላት፣ ተረከዟን ቀስ አድርጋ ከመሬት አነሳች።