እሺ ካልተባለ አንቀመጥም

«እያንዳንዱ አገር የራሱ ልክ አለው» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ግቢዬ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረው አዲስ አበቤ የቢሮ ሠራተኛ እንዲህ ነው። ለሱ ትክክልና ስህተት እንደ ፎገራ ሜዳ ጎርፍ ወዳዘነበለበት ይፈሳል። የገዛ ጫማው ከደጅ የጠፋ ቀን ግን «ስርቆት በየትም አገር ስርቆት ነው!» ብሎ ከተማችንን ወረታን አናወጣት።

ባለፈው ሰኞ ማለዳ ሽማግሌዎች የልጅ ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጡ። ገና ሰባተኛ ክፍል ናት። እንደ ደንቡ «እሺ» ካልተባሉ አይቀመጡም፤ እኔ ደግሞ አልልም። እንግዳ ቆሞማ አልቀመጥም ብዬ አብሬያቸው ቆምኩ። ከሃዲው ጉልበቴ ግን ከነሱ ጋር ወግኖ ይንቀጠቀጣል።

«አያ ታደሰ፣ እሺ ይበሉንና ሁላችንም እንረፍ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

ተከራዬ በመስኮት ብቅ አለ። «አባባ፣ ባህል እኮ ይከበራል!»

«እያከበርኩ አይደል? ይኸው ቆሜያለሁ! ልጅቱስ የዚህ አገር ሰው አይደለችም? እሷን ማን ጠየቃት?»

ተከራዬ መስኮቱን ዘጋ። እኔም ደነገጥኩ፤ በዕድሜዬ ክርክር ያሸነፍኩት ገና ያን ቀን ነው፣ በሬዬ እንኳ ይረታኛል።

ልጅቱ ደብተሯን አቅፋ ከጓዳ ወጣች። «አባባ፣ ፈተና አለብኝ። እስክመለስ እሺ ብለው እንዳይቀመጡ!» ብላ በመሃላችን አልፋ ሄደች።

ሽማግሌዎቹም ሳይቀመጡ ወጡ። «እንመለሳለን» ብለዋል። ይምጡ! ጉልበቴን በቅቤ እያሸሁ እጠብቃቸዋለሁ።