ለሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የተነሳው ጽዋ

በከተማችን ትልቅ ነገር በጥድፊያ አይወሰንም። ትልቅ ነገር በማዕድ ይወሰናል። ጣራ ቢያፈስ፣ ልጅ ብትታጭ፣ የተጣላ ጎረቤት ቢኖር መጀመሪያ ጽዋ ይነሳል፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ አሠራር ሦስት ጣራዎች ውሳኔ ሲጠብቁ ወድቀዋል። ሥርዓቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ተጓድሎ አያውቅም።

ስለዚህ የጉራምን ልጅ ሾረናን ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለተኛ ዲግሪ ሲቀበሏት፣ ጉዳዩ ለእሷ ብቻ የሚተው እንዳልሆነ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። የምትማረው ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ነው። አንደኛው ዩኒቨርሲቲ ኢስቶኒያ ነው፤ ሙሉ ወጪዋን ችሎ ጠርቷታል። ሁለተኛው እዚሁ አገራችን፣ ዋና ከተማችን ትብሊሲ ነው፤ የዲኑን ሚስት ክርስትና ያነሱት የጉራም እናት ናቸው። ሾረና የምትፈልገው ኢስቶኒያን ነው። ይህን ለእናቷ ለላማራና ለእኔ ነግራናለች። እኔ አጥር የምጋራቸው ሽማግሌ ነኝ። ሰው ብዙ ነገር ይነግረኛል፤ ብዙ ስለማልመልስ ይመስለኛል።

ኢስቶኒያዎቹ መልሷን የሚጠብቁት እስከ ቅዳሜ አስራ ሁለት ሰዓት ነበር። ከዚያ ካለፈ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። የቀራት ስልኳ ላይ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፤ ያለ አባቷ ቃል ግን አትጫንም። ጉራም ሳያማክረው መኪና የገዛ ወንድሙን አሥራ አንድ ዓመት አላነጋገረውም። ይህ ለመኪና ነው።

ማዕዱ ቅዳሜ በሰባት ሰዓት ተዘረጋ። አይብ የሞላበት ትኩስ ዳቦ፣ በወይን ጭራሮ የተጠበሰ ሥጋ፣ ከጋን የተቀዳ ወይን። የማዕዱ አዛዥ፣ እኛ ታማዳ የምንለው፣ ኦታር ሆነ። ያለ ታማዳው ፈቃድ ማንም ጽዋ አያነሳም። ኦታር ጡረታ የወጣ የውሃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። በእሱ ዘመን ውሃ ብዙ ጊዜ ተቋርጧል፤ ስብሰባ ግን አንዴም አልተቋረጠም። በቀኙ ጉራም፣ በግራው የላማራ ወንድም ቤሲክ ተቀመጡ። የጉራም እናት እሜቴ ዳሪኮ ከምድጃው አጠገብ ነበሩ። እኔ ከማዕዱ ግርጌ በታዛቢነት ተመደብኩ። ታዛቢ ድምፅ የለውም፣ ይበላል።

ኦታር ተነስቶ የዕለቱን አጀንዳ አስታወቀ። መጀመሪያ ስለ ሰላም፣ ቀጥሎ ስለ አገር፣ ስለ ወላጆች፣ ስለ ሞቱት፣ ከሞቱት ስለተወለዱት፣ እያለ ሲዘረዝር የዩኒቨርሲቲው ጉዳይ አሥራ ስምንተኛው ጽዋ ላይ ዋለ።

ሾረና ዳቦ እያቀረበች፣ "ጋሼ ኦታር፣ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል" አለችው።

"ምኑ ነው የሚዘጋው የኔ ልጅ?"

"ምዝገባው።"

"ማነው የሚዘጋው?"

"ማሽኑ ራሱ ነው የሚዘጋው።"

"ታዲያ ለማሽን ብለን የሞቱትን እንዝለል?" አለ ኦታር። ማንም እንዝለል አላለም። የሞቱት ብዙ ነበሩ፤ በየስማቸው ተነሱ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ስለ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ምንነት ማብራሪያ ተሰጠ። ሰጪው ኦታር ነበር። መረጃ ማለት ማወቅ መሆኑን፣ ማወቅ ማለትም መረጃ መሆኑን፣ ሁለቱ ሲገናኙ ቴክኖሎጂ እንደሚወለድ፣ ይህንንም አባቶቻችን ያለ መብራት ሲሠሩበት እንደኖሩ አስረዳ። ጉራም ዓይኑን ጠረገ። ሾረና ሰዓቷን አየች።

ከዚያ ቤሲክ፣ አስተዋይ ሰው ነው፣ ኢስቶኒያ ውስጥ ምን እንደሚጠጣ ጠየቀ። ሾረና ቢራ እንደሚጠጣ ሳትደብቅ ተናገረች። ቤሲክ ጽዋውን አስቀመጠ።

እኛ ዘንድ ጽዋ የሚነሳው በወይን ነው። በቢራ የሚነሳው ለጠላት ብቻ ነው፤ እንዲወድቅ፣ ስሙ እንዲጠፋ ሲፈለግ። ይህን ሕፃን ያውቃል።

"እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲራገሙ ነው የሚውሉት በለኛ" አለ ቤሲክ።

ከቢራ ወደ ወይን፣ ከወይን ወደ ምላስ ተሻገሩ። ጉራም ወይኑ ከየትኛው ጋን እንደተቀዳ በማሽተት ብቻ እንደሚያውቅ ተናገረ። ቤሲክ ጋኑን ማወቅ ቀላል እንደሆነ፣ እሱ ግን ዘለላው ከየትኛው ተራ እንደተቆረጠ እንደሚለይ ገለጸ። ኦታር ሁለቱንም በትዕግሥት ሰማና፣ እሱ ቆራጩን ጭምር እንደሚያውቅ አሳወቀ።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን ውሳኔ ተሰጠ። ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች፣ በተለይም ቢራውን በሚመለከት፣ ማዕዱ በሦስት ድምፅና ያለ ምንም ተቃውሞ ትብሊሲን መረጠ። ላማራ ወጥ ቤት ስለነበረች፣ እሜቴ ዳሪኮ ስላልተጠየቁ፣ ሾረና ደግሞ ባለጉዳይ ስለሆነች አልተቆጠሩም። ውሳኔው በጽዋ መታተም ነበረበት። ገንቦው ግን ባዶ ሆኖ ተገኘ።

"አንቺ ልጅ፣ ሂጂ ቅጂ" አለ ጉራም።

የተቀመጥኩት ፊቴን ወደ ግቢው አዙሬ ነው። የወይን ጋኖቹ አንገታቸው ድረስ መሬት ውስጥ የተቀበሩት ከግቢው በስተቀኝ ነው። በስተግራ፣ ከደረጃው ሥር፣ ጣራ ሊያድሱ የመጡ ሠራተኞች ያስቀመጡት የቢራ ሳጥን ነበር፤ ፀሐይ ሲመታው የሰነበተ። ሾረና ወደ ግራ ሄደች። ቆየች። አረፋ እስኪጠፋ ጊዜ ይወስዳል። ስትመለስ በሸክላ ጽዋዎቻችን ሞላችልን፤ ሸክላ ቀለም አያሳይም።

ኦታር ቆመ። ሁላችንም ቆምን።

"ለትብሊሲው ዩኒቨርሲቲ" አለ፣ "ለዲኑ፣ ለባለቤቱ፣ ለልጅ ልጆቻቸውም። እስከ ታች።"

እስከ ታች ጠጣን። ጉራም ዓይኑን ጨፈነ። "ሰባተኛው ጋን" አለ።

"ከላይኛው ተራ" አለ ቤሲክ። "ፀሐይ የሚያገኘው።"

ኦታር ከንፈሩን ላሰ። "ቆራጯ ሴት ናት" አለ። "ወጣት ናት።"

እኔም ጠጣሁ። የጠየቀኝ የለም።

እሜቴ ዳሪኮ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አልተናገሩም ነበር። ጽዋቸውን ቀመሱና ወደ ውስጡ ተመለከቱ።

"ይሄ ቢራ ነው" አሉ።

"ምን አልሽ እማዬ?"

"ቢራ። የሞቀ ቢራ።"

ሦስቱም ጽዋቸውን አሸተቱ። ኦታር ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ማዕዱ ቆሞ፣ እስከ ታች፣ ዲኑን ከነዘር ማንዘሩ ረግሟል።

"አልተነሳም እንበል" አለ ጉራም።

"ቆመን ነው የጠጣነው፣ ጉራም።"

"እሺ፣ በወይን ድጋሚ እናንሳዋ።"

"ቤቱን ረግመህ ልጅህን ልትልክለት ነው?" አለ ኦታር። ጉራም ወደ እናቱ ዞረና የገዛ የክርስትና ልጃቸው፣ የዲኑ ሚስት፣ አብራ እንደተረገመች አስታወሳቸው።

"እሷስ ይገባታል" አሉ እሜቴ ዳሪኮ። "ለፋሲካ አንድ ቀን መጥታ አልጠየቀችኝም።" ቀሪውን ጨለጡት።

ለአስራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። እዚህ ላይ ገንቦውን ማን ሞላው የሚል ጥያቄ ይነሳል ብዬ ጠበቅሁ። ሾረናም ጠብቃለች፤ ፊቷ ነጥቶ ነበር። አልተነሳም። ማን ሞላው ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ሰባተኛው ጋን ብሎ የተናገረው ማን ነው የሚለውንም መመለስ አለበት። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ተያዩ።

"ስትቀዳው ወይን ነበር" አለ ኦታር በመጨረሻ። "የዲኑ ስም ሲጠራ ተለወጠ።"

"እኔም ጉሮሮዬ ላይ ነው የተለወጠብኝ" አለ ቤሲክ።

"ቃና ላይ ውሃው ወይን ሆነ" አለ ኦታር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "እዚህ ደግሞ ወይኑ ቢራ ሆነ። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ትፈልጋለህ? ቢራ ወደሚጠጣበት አገር ትሂድ ተብሏል።"

ጉራም አማተበ። እንባው መጣ። "ተጫኚው ልጄ" አለ።

ሾረና ተጫነችው። ሰባት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው ሳምንት ሾረና ዲግሪዋን ይዛ መጣች፤ አሁን ደግሞ ሁለት ድርጅቶች ለሥራ ይፈልጓታል። ጉራም ለእሑድ ማዕድ ጠርቷል። ተአምሩ እንዳይደገም፣ ለማዕዱ አንድ የታመነ ቀማሽ እንዲሾም ኦታር መመሪያ አውጥቷል። ጥቂት የሚጠጣ፣ ጥቂት የሚናገር፣ ዓይኑ ንቁ የሆነ ሽማግሌ ተፈልጎ እኔ ተሾምኩ።

ትናንት ሾረና አጥሩ ጋ መጣች።

"ጋሼ፣ ቀማሹ እርስዎ ነዎት አሉ።"

"ነኝ።"

"ምላስዎ እንዴት ነው?"

"አርጅቷል" አልኳት። "ቢራና ወይን አይለይም።"