ክብርት መርማሪ ባልዲ ሲገዙ

በየቤተሰቡ አንዲት መርማሪ አለች። ደመወዝ አይከፈላትም፣ ሹመቷን የሚያውቅ መሥሪያ ቤትም የለም፤ ፋይሏ ግን ተዘግቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ "እንኳን ደስ ያላችሁ" ሲል እሷ "ማን ነው ያለው?" ትላለች። በእኛ ቤት እንዲህ ያለች ሴት የለችም የሚል ካለ፣ ወይ ገና አልተገለጠችለትም፣ ወይ መርማሪው ራሱ ነው።

በዚህኛው ቤተሰብ መርማሪዋ የተማሪዋ አክስት ናቸው፤ የእናቷ ታላቅ እህት። ዕድሜያቸውን በአንድ ማተሚያ ቤት መጋዘን ወረቀት ሲያስገቡና ሲያስወጡ ፈጅተው ጡረታ ወጡ። ጥርጣሬያቸው ግን አብሯቸው ጡረታ አልወጣም። ቤተሰቡ በሌሉበት "ክብርት መርማሪ" ይላቸዋል። ባሉበትማ ማን ደፍሮ፤ ባሉበት "እትዬ" ናቸው። የሚያውቁት ተረት አንድ ነው፤ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ"። ቀን ሲወጣም ማታ ሲገባም ይተርቱታል።

ተማሪዋ ዩኒቨርሲቲ መመደቧ የተሰማ ዕለት እናቷ አለቀሰች፣ ጎረቤት እልል አለ። እትዬ ግን ስልኩን ተቀብለው ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ አነበቡና፣ ይህን ስም የያዘች ሌላ ልጅ አለመኖሯን በምን እንዳረጋገጡ ጠየቁ። ሞክሼ ስንት አለ። እልልታው መሃል ላይ ቀዘቀዘ። ኋላ ላይ እናትየዋም ሳትቀር ጓዳ ገብታ ስልኩን ደግማ ስትከፍት ተማሪዋ አይታታለች።

ለመኝታ ክፍሉ የሚሆነውን ዕቃ መግዛት የእናቷ ድርሻ ነበር። እናቷ ግን ፀጉር ቤት አላት፤ ሙሽሮች በላይ በላዩ ቀጠሮ ይዘውባት ስለነበር ጥላቸው መውጣት አልቻለችም። ይህን ጊዜ እትዬ "እኔ አለሁ" አሉ። ተማሪዋ ክው አለች።

ግዢው በብርድ ልብስ ተጀመረ። የሻጩ ጥፋት ሙቀቱ ልዩ ነው ብሎ መማሉ ነው። እትዬ የሚምል ነጋዴ አይወዱም። በዚያ በጠራራ ፀሐይ እስቲ ራስህ ልበሰው አሉት። ሰውዬው ቀልድ መስሎት ተከናነበ። እሳቸው በርጩማ ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ገዢ መጣ፣ የተከናነበውን ሻጭ አይቶ ሄደ። ግንባሩ ላይ የላብ ጠብታ ብቅ ስትል እትዬ ተነሥተው ጠጋ ብለው አዩአትና ይጠቀልለው ዘንድ ፈቀዱለት።

ከዚያ ወደ ባልዲ ተሻገሩ። ባልዲ በውሃ ይሞከራል፤ ይህን ማንም ያውቃል። እትዬ ግን ባልዲ ሰው እያየው እንደማያፈስ፣ የሚያፈሰው ዞር ሲሉለት ብቻ እንደሆነ ደርሰውበታል። ስለዚህ ውሃ አስሞልተው ጀርባቸውን ሰጡት፤ የሱቁን ጣሪያ የሚያዩ መስለው ቆዩና ድንገት ዘወር አሉበት። ባልዲው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ባለሱቁ በተራው እትዬን በጥርጣሬ ማየት ጀመረ።

ጓጉንቸር ሲገዙ ደግሞ ተማሪዋ ለወዳጆቿ ስታወራው የምትኖረው ነገር ሆነ።

"ያለ ቁልፉ ይከፈታል?" አሉት ሻጩን።

"በፍጹም፣ እናቴ።"

"ቁልፉ ቢጠፋባትስ?"

"ግድ የለም፣ ወደኔ ታምጣው። በደቂቃ እከፍትላታለሁ።"

እትዬ ወደ ተማሪዋ ዞረው አዩአት። በመጨረሻ ሁለት ጓጉንቸር ከሁለት ሱቅ ገዙ፤ ያውም ሁለቱ ባለሱቆች እንደማይተዋወቁ አጣርተው።

የተማሪዋ ዓይን ያረፈበት አንድ ነገር ነበር። ሰፋፊ ቀይ አበባ ያለበት አንሶላ። ነካ አድርጋ መለሰችው። እትዬ ግን ቆንጆ ዕቃ ሌባ ይጠራል ብለው የዝናብ ደመና የሚመስል አንሶላ መረጡላት። ነጠላ ጫማውንም እንዲሁ ከሱቁ ሁሉ አስቀያሚውን። ያን ጫማ የሚሰርቅ ሰው ቢገኝ ሐኪም እንጂ ፖሊስ አይጠራበትም። ቤት ሲገቡ ደግሞ መርፌና ጥቁር ክር አውጥተው በእያንዳንዱ ጨርቅ ጠርዝ ምልክት ሰፉ። ሳሙናው መርፌ ስለማይገባለት በሚስማር ጫሩበት።

ተማሪዋ ይህን ሁሉ የቻለችው አንድ ተስፋ ስለነበራት ነው። ከማታውቃቸው ልጆች ጋር አንድ ክፍል ልትኖር ነው። እንዴት እንደምትገባ፣ እንዴት ቀድማ ሰላም እንደምትላቸው ለብቻዋ ስትለማመድ ሰንብታለች። እዚያ የመርማሪዋ የእህት ልጅ መሆኗን የሚያውቅ የለም። መሄጃዋ ሲደርስ ግን እትዬ የአውቶቡሱን ሾፌር ታውቂዋለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። አላውቀውም አለች። ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ተከተሏት።

ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ተደራራቢ አልጋ፣ አራት ጠባብ ቁም ሣጥን፣ በደንብ የማይገጥም መስኮት። ቀድመው የገቡ ሦስት ልጆች ነበሩ። ተማሪዋ የተለማመደችውን ሰላምታ ሳትጀምር እትዬ አልፈዋት ገቡና አልጋውን ወዘወዙት፣ ፍራሹን ገለበጡት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አንገታቸውን አስገብተው የኋላውን ጣውላ አንኳኩ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩ። ረጅሟን፣ አባቷ ምን እንደሚሠሩ ጠየቋት። ሳቂታዋን፣ ምን እንደሚያስቃት። ሦስተኛዋ በባዶ ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ አንድ ፌስታል እንጂ ሌላ ነገር የለም። እትዬ እሷ ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

"ዕቃሽስ?"

"ነገ ይመጣል። ወንድሜ በአውቶቡስ ይልከዋል።"

"በየትኛው አውቶቡስ?"

"በ... በጠዋቱ።"

"ሻንጣው ምን ዓይነት ነው?"

"ጥቁር" አለች ልጅቷ። "ማለቴ፣ ቡናማ።"

ሳቂታዋ ሳቋን ዋጠች። ተማሪዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። የእትዬን ክንድ ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻቸው።

"ልጅቷ እየዋሸች ነው" አሉ እትዬ ገና ከበሩ ሳይርቁ።

"ብትዋሽስ? እትዬ፣ እርስዎ ዛሬ ይሄዳሉ። ከነሱ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ። እባክዎ ይብቃዎት።"

እንዲህ ብላቸው አታውቅም። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። እትዬ የአንገት ልብሳቸውን አስተካከሉ፣ የክፍሉን በር አንዴ አዩ፣ ደረጃውን ይዘው ወረዱ። ደኅና ሁኚ እንኳ አላሏትም።

ተማሪዋ ተመልሳ ገባች። ለበር ጠባቂው ሊናገሩባት ሄደው ይሆናል ብላ ሠጋች። አሁን ጥበቃ መጥቶ የዚህችን ልጅ ፌስታል ይበረብራል፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ክፍል ተማሪዋን ማን ቀና ብሎ ያያታል? ረጅሟ መጽሐፍ አውጥታ የምታነብ መሰለች። ተማሪዋ ቦርሳዋን ከወለሉ አንሥታ ወደ አልጋዋ ጥግ ገፋችው፤ ስትገፋው የባለ ፌስታሏ ዓይን እጇ ላይ እንደሆነ አየች። ልጅቷ ወዲያው አቀርቅራ የፌስታሉን ጆሮ ትጠመዝዝ ጀመር። ተማሪዋ ቦርሳውን መልሳ ወደ መሃል ልታመጣው ፈለገች፤ ግን ያም የባሰ ሆኖ ታያት።

ቀኑ ጋደል ሲል በሩ ተንኳኳ። የገቡት እትዬ ናቸው፤ ከኋላቸው አንድ ተሸካሚ አንድ አረንጓዴ ሻንጣ ከነባልዲው ይዞ ያለከልካል።

"ዕቃሽ መጣ" አሉ ለባለ ፌስታሏ።

ልጅቷ ተነሥታ ቆመች። ሻንጣውን አየች፣ እሳቸውን አየች።

"ወንድምሽ ቸኩሎ ነው መሰለኝ፣ በዛሬው ልኮታል። በር ላይ ማንም ሳይጠብቀው ተጥሎ አገኘሁት። የዚህ አገር ሰው መቼም ልብ የለው፣ ሌባ ሳይወስደው ይዤው መጣሁ።"

"ግን ይሄ..." አለች ልጅቷ።

"አረንጓዴ ነው፣ አውቃለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ቀለም ይለወጣል። እነሱን ማመን አያስፈልግም። ይልቅ አንድ እንኳ እንዳይጎድል ፈትሺ።"

ልጅቷ ተንበርክካ ከፈተችው። ብርድ ልብስ፣ ፎጣ፣ ጓጉንቸር፣ ሳሙና፣ ያንኑ የመሰለ አስቀያሚ ነጠላ ጫማ። ባልዲው ውስጡ ገና እርጥብ ነበር። ተማሪዋ ያን እርጥበት ስታይ፣ በዚህ በማታውቀው ከተማ አንድ ባለሱቅ ዛሬ ምን እንደደረሰበት ገባት። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ከሻንጣው ሥር አንሶላው ወጣ። ሰፋፊ ቀይ አበባ ያለበት ነው።

ልጅቷ ዕቃውን አንድ በአንድ እየዳሰሰች ረጅም ጊዜ ወሰደች። ቀና ስትል ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

"ሁሉም አለ፣ እማማ።"

"ርግጠኛ ነሽ? ኋላ ጎደለኝ ማለት የለም።"

"ሁሉም አለ።"

ተማሪዋ እስከ ግቢው በር ሸኘቻቸው። አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እትዬ ምን ፈልጋ እንደሆነ ጠየቋት። በምን እንዳወቁ ጠየቀቻቸው። ዕቃ የሚመጣለት ሰው በር በሩን ያያል፣ ያቺ ልጅ ግን የምታየው መሬት መሬቱን ነው አሏት። ስለ አበባው አንሶላም ሳትጠይቅ አላለፈችም።

"ሌባ ይጠራል ብዬሽ የለ?" አሉ። "እሷ ጋ ይሂድ። ያንቺ ይተርፋል።"

ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ስለነበር እውነት ይሁን ውሸት ማወቅ አልተቻለም። አውቶቡሱ ሲመጣ መጀመሪያ ጎማውን፣ ቀጥሎ ሾፌሩን አዩት። አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው እንደገና ወደ እሷ ዞሩ።

"ከዚያች ልጅ ላይ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሲርባት በልቻለሁ ትልሻለች። እንዳታምኛት።"

ተማሪዋ ወደ ክፍሉ ስትመለስ ረጅሟና ሳቂታዋ ለራት ወርደዋል። ባለ ፌስታሏ አንሶላዋን አንጥፋ እጥፋቱን በመዳፏ ታስተካክላለች። ተማሪዋ ራት እንሂድ አለቻት።

"አንቺ ሂጂ። እኔ በልቻለሁ።"

ተማሪዋ አልወጣችም። በሩን በጀርባዋ ዘጋችና ተደግፋው ቆመች።

"ምን በላሽ?" አለቻት። "የት? ከማን ጋር?"