ኮምፒውተሬን በኪሎ መዘንኩት

ዓረብ አገር የከረመ ሀበሻ በጭንቅላቱ ሳይሆን በሚዛን ነው የሚያስበው! አትቆጡ... እኔ ራሴ አለሁበት። አንድ ሰው ወደ አገር ቤት ሊበር ሲል የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ሻንጣው ይታሰራል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ይመዘናል። ቀለል ካለ ሰውየው ስድስት ዓመት ሙሉ ተኝቶ የከረመ ይመስለናል። የከበደ ሁሉ ቁም ነገር፣ የቀለለ ሁሉ ኮተት!

በዚህ ጥበቤ ነው እንግዲህ ጉድ የሠራሁት።

ላፕቶፔ ከመንቀርፈፉ የተነሣ አብርቼው ሻወር ወስጄ ስመለስ ገና እየተነሣ ነበር። አቡ ዳቢ አንድ ክፍል የምንጋራው ጌታሁን "ፎርማት ይደረግ!" ብሎ ፈረደበት። ጌታሁን የሕንፃ ጥገና ሠራተኛ ነው፤ አንድ ቀን የኤሲ ሪሞት ባትሪ አገላብጦ ስላስገባ "ኢንጂነር" አልነው። ጉዱ፣ እሱም አመነበት!

"ሁሉም ይጠፋል፤ ዋና ዋናውን ፍላሽ ላይ ገልብጥ" አለኝ።

"ዋናው የቱ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ? ያንተ ዕቃ አይደል?"

ከመዲናት ዛይድ ገበያ የገዛሁት ፍላሽ የሚይዘው ሠላሳ ሁለት ጊጋ ነው። መመዘን ጀመርኩ። "ፕሮግራም ፋይልስ" የሚባለው ፎልደር ሠላሳ ጊጋ! ስሙ ራሱ ያስፈራል። ከጎኑ "አስካለ" የሚል፣ አራት ጊጋ እንኳ የማይሞላ የቪዲዮ ፎልደር አለ። ሁለቱ አብረው አይገቡም። "ቪዲዮ አይደል፣ የትም አይጠፋም" ብዬ ከባዱን ጫንኩ።

ወዳጃችን አስካለ አል ዓይን ከተማ፣ አል ቶዋያ ሰፈር ውስጥ ሞግዚት ናት። ልጇን ሜላትን በዓመት ከመንፈቋ ለእህቷ ትታ ከመጣች ስምንት ዓመት አለፋት። ስልኳ በሞላ ቁጥር እኔ ላፕቶፕ ላይ ታራግፍና ከስልኳ ታጠፋዋለች። የሜላት የመጀመሪያ የትምህርት ቀን፣ የወለቀ ጥርሷ፣ ለእናቷ የዘፈነችው... ሁሉም እዚያ ነው። ቪዲዮዎቹን የምትልክላት እህቷ ስልክ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ቀርቷል።

ፎርማቱ አለቀ። ጌታሁን "ኸላስ! አዲስ ሆነልህ" አለ። የገለበጥኩትን መለስኩ። ብጫነው፣ ብነካካው፣ አንዱም ፕሮግራም አልከፈት አለ!

"ፕሮግራም እኮ ተገልብጦ አይሠራም፤ እንደ አዲስ ነው የሚጫነው። ኢንተርኔት ላይ ሞልቶልሃል" አለኝ ኢንጂነሩ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"መች ጠየቅከኝ?"

ኢንጂነር ብሎ ዝም! እኔስ ብትሉ... እኔማ ብሼ! በነጻ የሚወርደውን ታቅፌ፣ ዳግም የማይገኘውን በገዛ ጣቴ ያጠፋሁ ደንቆሮ! ላፕቶፑን ይዤ ጥገና ቤት ለጥገና ቤት ተንከራተትኩ። የመጨረሻው ባለሙያ ጭንቅላቱን ነቅንቆ መለሰልኝ።

እሑድ አስካለ መጣች። በሳምንቱ ወደ አገር ቤት ትበራለች፤ ሜላት ሕፃንነቷን ራሷ እንድታየው ቪዲዮዎቹን ልትወስድ ነው። አዲስ ፍላሽ ሁሉ ገዝታ መጥታለች። ነገርኳት። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

"ታዲያ ምን ምኑን አተረፍክ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"የጽሑፍ መጻፊያውን... ጌሞቹን... የቪዲዮ ማጫወቻውን..."

"ማጫወቻውን?"

"አዎ... እሱም አልሠራም።"

ጌታሁን ድንገት ሥራ ትዝ አለውና ወጣ። አስካለ ዓይኗ እንባ ሞልቶ አዲሱን ፍላሽ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

"ስማኝ ወንድሜ" አለችኝ፣ "ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ጠብቄያለሁ። አንድም ቀን ልጁን መናፈሻ ጥዬ፣ ባዶውን የሕፃን ጋሪ እየገፋሁ ቤት አልገባሁም።"