ዓይን ያለው ዓሣ

«አይደለም!» አሉ ጋሽ አይደለም፣ ልጅቷ ሁለቱን ምልክቶች አንድ ልታደርግ ማውሱን ስትጫን። «ይኼኛው እግሩ ወደ ውጭ ነው።»

«ጋሼ፣ የጥንቱ ጸሐፊ እጅ ተንቀጥቅጦ ቢሆንስ?»

«የሱ እጅ ይንቀጥቀጥ፤ ያንቺ ምን ያጣድፈዋል?»

ፀጉር ሰንጣቂ የሌለው መሥሪያ ቤት የለም። ለዚህ ቢሮ የደረሱት፣ ከአፋቸው በማይጠፋው ቃል ስም የወጣላቸው ክቡርነታቸው ጋሽ አይደለም ናቸው። «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ፣ «ማደሩን አድሬያለሁ፤ መተኛቱ ሌላ ጉዳይ ነው» ይላሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ «ጸሐይ እንዳትገባ መጋረጃውን ዝጉ» ብላ የለጠፈችውን ወረቀት፣ በጸሎቱ «ጸ» ስለጻፈችው በቀይ አርመው ፈርመውበታል።

ቢሮው እስከ ዛሬ ማንም ያላነበበውን የጥንት ጽሕፈት ከሸክላ ሰሌዳ ወደ ኮምፒውተር ያስገባል። ልጅቷ ቅርጹን ትስላለች፤ ጋሽ አይደለም ያጣራሉ። የጸደቀ ምልክት መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንዴ የተሰጠ ቁጥር ደግሞ አይነሣም። ስሕተቱም እንደዚያው።

የምልክቶቹ ዝርዝር ለአጽዳቂው ኮሚቴ የሚላከው ሐሙስ ነበር። ጋሽ አይደለም በሃያ ዓመት ያገኙት የራሳቸው ምልክት አንድ ብቻ ነው፦ ዓይን ያለው ዓሣ። ዓይን የሌለው በየሰሌዳው ሞልቷል፤ ዓይናማው አንድ ቦታ ላይ ብቻ አለ። በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። «ከኔ የሚቀረው እሱ ነው» ይሉ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ልጅቷ ዓሣው ያለበትን ሰሌዳ መብራት ከጎን አብርታ እንደገና ፎቶ አነሣችው። ዓይን የተባለው ጸሐፊው የወጋው ነጥብ አልነበረም፤ ሸክላው ሲተኮስ አረፋ ፈንድቶ የተወው ቀዳዳ ነው። ፎቶውን ቶሎ ዘጋችው። ማንም የማያነበው ነገር ማንን ይጎዳል?

«ክፈችው» የሚል ድምፅ ከጀርባዋ መጣ።

«ጋሼ፣ ይለፍ በቃ። አንድ ዓሣ ነው።»

መነጽራቸውን ጠረጉ። አዩ። ደግመው ጠረጉ።

«አንድ ቀን የሚያነበው ሰው ይመጣል፣ ልጄ። ያ ምስኪን በኔ አረፋ ዕድሜውን ይጨርስ?»

ማውሱን ተቀበሏትና ራሳቸው ሰረዙት። «ዓይን አይደለም» አሉ፤ ኮታቸውን ይዘው ወጡ።

ሐሙስ ጠዋት ልጅቷ ራሷ ያገኘቻቸውን ዘጠኝ ምልክቶች በዚያው መብራት ደግማ አየች። ሁለቱን ሰረዘች። ዝርዝሩ የተላከው ዓርብ ነው።